ከጓሮ እስከ ቆሼ፤ የቤት ጥራጊ ታሪክ በኢትዮጵያ

የአንድን ሕዝብ የኑሮ ሥርዓት ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ሕዝቡ የሚበላውን፣ የሚለብሰውንና የሚሠራውን ቤት ነው። የሚጥለውን ነገር የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ሰው የሚጥለው ነገር ከሚይዘው ነገር ባላነሰ ስለ አኗኗሩ ይመሰክራል። አንድ ነገር ከቤት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያወጣውና ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚውል ሲታወቅ የቤቱና የመሬቱ ግንኙነት፣ የሰውና የከብቱ ጉርብትና፣ የወንድና የሴቱ የሥራ ክፍል አብሮ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ የገበሬ ቤት ከማጀትና ከበረት የሚወጣው ነገር ባብዛኛው ወደ መሬት፣ ወደ ከብት ወይም ወደ ችግረኛ ጎረቤት የሚመለስ ነበር። በከተማ ግን ያው ነገር ተከምሮ ተራራ ሆኗል፤ ተራራውም ሰው እስከ መግደል ደርሷል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ይመረምራል። ጥራጊን ጥራጊ የሚያደርገው የነገሩ ባሕርይ ሳይሆን ከመሬቱ፣ ከሠራተኛው እጅና ከስሙ መለየቱ መሆኑንም ያሳያል።

ሀ. የቃላቱ ምስክርነት

ነገሩን ከቋንቋው መጀመር ይገባል። በዐማርኛ ከከብት ቤት የሚወጣው ነገር አንድ ስም ብቻ ያለው አይደለም። ላምና በሬ የጣሉት ትኩሱ እበት ነው፤ ተጠፍጥፎ ወይም በመስክ ላይ ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት ይባላል፤ ከሽንትና ከጉዝጓዝ ጋር ተለውሶ ከበረት የሚዛቀው አዛባ ነው፤ የፈረሱ፣ የበቅሎውና የአህያው ፋንድያ፣ የዶሮው ኩስ ይባላል። ይህ ሁሉ ተከማችቶ፣ በስብሶና ጠቁሮ ወደ እርሻ ሲሄድ ደግሞ ፍግ ይሆናል።

የአውድማውና የማጀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከአውድማ ጭድ፣ ገለባና እብቅ ይወጣል፤ በወንፊት ላይ ግርድ ይቀራል፤ ከስንዴ ዱቄት ፉርሽካ ይለያል፤ ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ፋጉሎ ይተርፋል፤ በጠላው ጋን ሥር አተላ ይዘቅጣል። ከዕቃ ማጠቢያ የሚደፋው እጣቢ፣ ከገበታ የሚነሣው ፍርፋሪ፣ ከድንችና ከሽንኩርት የሚገፈፈው ልጣጭ፣ ከምድጃ የሚዛቀው አመድ፣ ከወለል የሚሰበሰበው ጥራጊ ነው።

እነዚህ ቃላት የነገሮቹ መጠሪያ ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ስም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ይናገራል። እበት ሲባል የአውድማ ልቅላቂና የጎተራ ምርጊት ይታሰባል፤ ኩበት ሲባል ምድጃ፣ ፍግ ሲባል እርሻ ይታሰባል። ጭድ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ነው፤ ግርድና አተላ ለእንስሳት ናቸው። «አመድ በዱቄት ይስቃል» የሚለው ተረት አመድን በቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ዝቅ ያለ ነገር አድርጎ ያቆመዋል፤ ባለቤቲቱ ግን ያንኑ አመድ በጎመኑና በሽንኩርቱ መደብ ላይ ትነሰንሰዋለች።

በከተማ ለዚህ ሁሉ ምትክ ሆኖ የተስፋፋው «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ቆሸሸ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ የነገሩን ንጽሕና ማጣት እንጂ የነገሩን ጥቅም አይናገርም። እጣቢውም፣ ልጣጩም፣ አመዱም፣ የተሰበረው ጠርሙስም በአንድ ስም ሲጠሩ በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጣላሉ። በአንድ ዕቃ ውስጥ የተጣለውን መልሶ መለየት ደግሞ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። እንግዲህ ያለ ትምህርትና ያለ ዐዋጅ በየቤቱ ይፈጸም የነበረው የመለየት ሥራ በከፊል በቋንቋው ተጠብቆ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

ለ. ጓሮና ፍግ

በደጋና በወይና ደጋ አገር የባላገር ቤት ከኋላው ወይም ከጎኑ የታጠረ ጓሮ አለው። በጓሮው ጎመን፣ ዱባ፣ ቅል፣ በርበሬ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና እሸቱ ለልጆች የሚሆን ጥቂት በቆሎ ይበቅላል። የበረቱ አዛባ፣ የምድጃው አመድና የወለሉ ጥራጊ የሚደፋው ከዚሁ ነው፤ ስለዚህ ጓሮው አትክልት ቦታም የብስባሽ መደብም ሆኖ ያገለግላል። ሥራውም ባብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። በረቱ በማለዳ ይጠረጋል፤ አዛባው በአሮጌ ቅርጫት ተጭኖ ይወጣል፤ ይህም በየቀኑ ይደገማል። በታሪክ መጻሕፍት የማረሻና የሞፈር ነገር ተደጋግሞ ሲጻፍ የዚህች ቅርጫት ነገር እምብዛም አልተጻፈም። ነገር ግን ማረሻው የሚያርሰውን የጓሮ አፈር ለም ያደረገችው እርሷ ናት።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የሚታየው በእንሰት አገር ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታ፣ በጋሞና በጌዴኦ እንሰት ከቤቱ አጠገብ ይተከላል፤ ከችግኝነት አንሥቶ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ለመፋቅ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሚመገበው ከቤቱ የሚወጣውን ፍግና ጥራጊ ነው። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እንሰቱ ያለ ከብት፣ ከብቱም ያለ እንሰት አይቆምም። ከብቱ የእንሰቱን ቅጠል ይበላል፤ እንሰቱም የከብቱን ፍግ ይበላል፤ ቆጮው ለሰው ይሆናል። ቅጠሉ ደግሞ መጠቅለያና ምንጣፍ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ተመልሶ በእንሰቱ ሥር ይበሰብሳል። በዚህ ሥርዓት እንሰት አብቃዩ አገር በኢትዮጵያ ገጠር ከሁሉ ይልቅ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የጌዴኦ መልክአ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን ባንድነት የያዘው የአተካከል ሥርዓት ለዚህ ክብር አብቅቶታል።

የወላይታ ገበሬዎች ለቤት ቅርብ የሆነውን ጥቁርና ለም አፈር ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለውንና ፍግ የማይደርሰውን ማሳ ሾቃ ብለው ይለያሉ። ይህ አከፋፈል አፈር ከተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን ከሰው ሥራም የተነሣ እንደሚለያይ ያሳያል፤ ሁለቱ መሬቶች በአንድ ኮረብታ ላይ ሳሉ ለየብቻ የሚጠሩት አንደኛው ከቤቱ ጋር ስለ ተያያዘ ነውና። በኮንሶም ከብቶች በድንጋይ በታጠረው መንደር ውስጥ መኖ እየቀረበላቸው ይቀለባሉ፤ ፍጉም ተሰብስቦ በሰው ትከሻ ወደ እርከኑ ይወሰዳል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ዝናሩ በድንጋይ የቆመ ቢሆንም ለምነቱ በዚህ ሸክም የቆመ ነው።

ይሁንና የጥንቱን ሥርዓት ፍጹም አድርጎ ማየት አይገባም። ከብቱ በሩቅ መስክ ይሰማራል፤ ጭዱም ከሩቅ ማሳ ይመጣል፤ ፍጉ ግን የሚቀረው በቤቱ ዙሪያ ነው። ስለዚህ የጓሮው ልማት በከፊል ከሩቁ ማሳ የተወሰደ ነው፤ ዳርኮዋው ሲጠቁር ሾቃው ይገረጣል። በተጨማሪም ይህ ሁሉ ሸክም በሴቶችና በልጆች ጀርባ ላይ የተጫነ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሐ. የተረፈ ምግብ መንገድ

ከምግብ የሚተርፈውም እንዲሁ የራሱ መንገድ ነበረው። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የቆየው በፀሐይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽም ከቆሎና ከበሶ ጋር የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነበር። አተላው የቤቱን ላምና በግ ይቀልባል፤ ከብት የሌለው ቤት አተላውን ከብት ላለው ጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤትም በወተት ወይም በሌላ ውለታ ይመልሳል። በከተማም ጠላ ጠማቂዎችና አረቄ አውጪዎች አተላቸውን ላም ለሚያረቡ ሰዎች ሲሸጡ ኖረዋል።

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ አገር ርቆ ለትምህርት ሲወጣ በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ከየቤቱ የሚሰጠውን ቁራሽ ሰብስቦ የተረፈውን አድርቆ ለከርሞ ያኖራል። በሰንበቴ፣ በማኅበርና በተዝካር ቀን ከገበታው የተረፈው ለነዳያን ይታደላል። በዚህ መንገድ ከአንዱ ማጀት የተረፈው እንጀራ የቅኔንና የዜማን ትምህርት ለብዙ ዘመናት ሲመግብ ኖሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሰጪውም ተቀባዩም ቁራሹን እንደ ጥራጊ አለመቁጠራቸው ነው። በማርያም ስም የተሰጠ በመሆኑ ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት ደግሞ ክብሩን አላጣም።

ሰው የማይበላውን የእርድ ትርፍና አጥንት በተመለከተ የሐረር ልማድ የሚታወቅ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ባሠሩት በጀጎል ግንብ ሰዎች ከሚገቡባቸው በሮች ሌላ ጅቦች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ጅቡ ሌሊት ገብቶ የመንገዱን ትርፍ ይበላል፤ ሲነጋ ይወጣል። በሌሎች አገሮች የሚፈራውና የሚሳደደው አውሬ በዚህች ከተማ የጽዳት ድርሻ ተሰጥቶት ከሰው ጋር በስምምነት ኖሯል።

መ. ኩበቱ ወደ ምድጃ ሲገባ

ይህ የመመለስ ሥርዓት መሰበር የጀመረው በከተማ ብቻ አይደለም፤ በገጠርም ተሰብሯል። ደን በተመናመነበት የደጋ አገር እንጨት ሲጠፋ እበቱ ከፍግነት ይልቅ ለኩበትነት ይፈለጋል። ፍጉ ወደ እርሻ በሄደ ጊዜ አፈሩ የሚያገኘው ብዙ ነው፤ ኩበቱ በምድጃ ሲነድ ግን ለአዝርዕት እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጂን ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ አፈሩን የሚያላላውና ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሽና ፎስፎር ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ገበሬውን በስንፍና መውቀስ አይቻልም፤ ከቀዝቃዛ ምድጃና ከገረጣ ማሳ አንዱን እንዲመርጥ የተገደደ ሰው አስቀድሞ ለዕለት እራቱ ያስባልና።

የከብት ማለቅም ሌላው ስብራት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የከብት በሽታ የአገሩን ከብት እጅግ አብዛኛውን ጨረሰው። የዚያ ዘመን ታሪክ ሲነገር ባብዛኛው የሚነሣው የበሬ እጦትና የረኃብ ነገር ነው፤ ሆኖም በሬው ሲሞት ጥማዱ ብቻ ሳይሆን ፍጉም ኩበቱም አብሮ ይሞታል። ከብት ያለቀበት ጓሮ ተመልሶ እንዲጠቁር ዓመታት ያስፈልጉታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የገበያ ማዳበሪያ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማም የተከተለው አነስተኛ የእርሻ ማስፋፊያ ፕሮግራም ዳፕንና ዩሪያን ለገበሬው አስተዋወቁ። ማዳበሪያው ምርትን መጨመሩ የማይካድ ነው። ነገር ግን ቀድሞ በቅርጫት ከበረት ይወጣ የነበረው የአፈር ምግብ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣና በዱቤ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ገበሬው ማዳበሪያ ሊገዛ ሲበደር በቤቱ ያለው እበት በምድጃው ይነድዳል።

ሠ. ከተማውና ቆሼ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከከተማነት ይልቅ የሰፊ ግቢዎች ስብስብ ነበረች። በየግቢው ጓሮ፣ በየጓሮው ጌሾና ጎመን፣ በየበረቱም ከብትና በቅሎ ይገኝ ነበር፤ የሌሊቱም ጅብ እንደ ሐረር የድርሻውን ይወስድ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ግቢው እየተከፋፈለ ጠበበ፤ ጓሮው ማድ ቤትና የኪራይ ክፍል ሆነ፤ ከብቱም ወጣ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በብዛት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ በአራተኛው ፎቅ ላይ ለምትኖር እመቤት እጣቢዋን የምትደፋበት የቅል ሥር የላትም።

በ1956 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው ዳር በረጲ የቆሻሻ መጣያ ተከፈተ። ሕዝቡም ስሙን ቆሼ ብሎ ሰየመው። በጊዜው ዳር የነበረው ቦታ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ መካከል ሆነ። በአካባቢውም ከክምሩ የሚጠቅም ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሰፈሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ከተማው ጥራጊውን ሁሉ የሚጥል አይደለም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ዕቃ ይገዛል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራም ያ ሁሉ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦና ተለውጦ እንደገና ይሸጣል። የብረቱና የጠርሙሱ ስም በቆራሌው አፍ ተጠብቋል፤ ስለዚህ አልተጣለም። ገዢ ያጣው ግን ልጣጩ፣ የአትክልቱ ግንድና የተበላሸው ምግብ ነው። ይኸውም የገበሬው ቤት ከሁሉ አስበልጦ ይጠቀምበት የነበረው ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው በስባሽ መሆኑ በተለያዩ ጊዜያት በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል። ከቆሼ ተራራ የሚበልጠው ክፍል እንግዲህ ያልተመለሰ ጓሮ ነው።

የተረፈ ምግብም መንገዱን ለውጧል። ከሆቴሎችና ከትምህርት ቤቶች የሚወጣው ትርፍ «ቡሌ» በሚባል ስም ለድሆች በርካሽ የሚሸጥበት ልማድ በአዲስ አበባ ይታወቃል። ይህ ልማድ ምግቡን ከመበስበስ ያድነዋል፤ የተራበውንም ይመግባል። ነገር ግን ከቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሚለየው በመጠኑ አይደለም፤ በዚያ ምጽዋት የነበረው በዚህ ሸቀጥ ሆኗል፤ ተቀባዩም ከጸሎት ይልቅ ሳንቲም ይሰጣል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደ። በሥሩ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። እሳት ግን እርጥበትን አይወድም፤ ከማጀት የሚወጣው ልጣጭና ትርፍ ምግብ ደግሞ በአመዛኙ ውሃ ነው። ለእሳት ጠላት የሆነው ይህ እርጥበት ለአፈር ወዳጁ ነው፤ ልጣጩንና ላስቲኩን በአንድነት ወደ አንድ ስፍራ መላክ ግን ሁለቱንም ከሚስማማቸው ቦታ ያርቃል።

ረ. የብስባሽ መመለስ

ይህን የተሰበረ መንገድ ለመጠገን ከተደረጉት ሙከራዎች የትግራዩ ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል። በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ የእርሻ ቢሮ ጋር ሆኖ በጥቂት መንደሮች የብስባሽ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ከባድ አልነበረም። እርጥቡ አረምና ቅጠል፣ ደረቁ ገለባና ጭድ፣ እበቱ፣ አመዱና አፈሩ እየተነባበረ በጉድጓድ ይደረጋል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ይገለበጣል፤ በጥቂት ወራትም ይበስላል። በብስባሽ የተዘራው ማሳ የሰጠው ምርት በገበያ ማዳበሪያ ከተገኘው ጋር የሚወዳደርና ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የብስባሹ ጥቅም ከአንድ ክረምት በላይ በአፈሩ ስለሚቆይም በየዓመቱ እንደ አዲስ መጨመር አላስፈለገም። ሥራው በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። ተወልደ ብርሃን በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀውን በሳይንስ ሚዛን አስመዝኖ ማስመስከራቸው ግን ከሥራቸው ሁሉ የማያንስ ነው።

የትግራዩ ሙከራ የተሳካው ሦስት ነገሮች በአንድነት ስለ ተገኙ ነው፤ የሚበሰብሰው ነገር ከማይበሰብሰው ሳይቀላቀል ተገኘ፤ ሥራውን የሚሠራ እጅ ነበረ፤ ብስባሹም የሚወርድበት መሬት ቅርብ ነበር። በከተማ የሚደረገውን ሙከራ የሚያሰናክሉት እነዚሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። በየቤቱ ቆሻሻን በጋሪ የሚሰበስቡ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከተደራጁ ወዲህ እጅ አልጠፋም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከታወጀ ወዲህ የከተማ ጓሮ ነገር እንደገና ተነሥቷል፤ ይህም መሬትን ለማቅረብ የሚረዳ ነው። የቀረው አንደኛው ነገር፣ ማለትም መለየቱ፣ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል። የጠርሙስ ስባሪና ላስቲክ የተቀላቀለበትን ብስባሽ ገበሬ በማሳው ሊያወርድ አይፈቅድም።

መለየት ደግሞ ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ ትምህርት አይደለም። እበትን ከኩበት፣ ግርድን ከፉርሽካ፣ አተላን ከእጣቢ ሲለይ የኖረ ቤት ነው። የጠፋው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱ የተመሠረተበት ግንኙነት ነው፤ ማጀቱ ከጓሮው ሲራራቅ ቃላቱ ሥራ ፈቱ፤ ቃላቱ ሥራ ሲፈቱም ሁሉም ነገር ቆሻሻ ተባለ። ስለዚህ የከተማ ጽዳት ጉዳይ የመሐንዲስና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ የቋንቋና የባህል ተመራማሪም ድርሻ አለው። በየአገሩ ለፍግ፣ ለጥራጊና ለትርፍ ምግብ የተሰጡት ስሞች ከነአገልግሎታቸው ሊሰበሰቡና ሊጻፉ ይገባል፤ በተለይም በረት የጠረጉና አዛባ የተሸከሙ አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ። አዲስ ሥርዓት የሚያቆም ሰው ለእያንዳንዱ ነገር አዲስ ስም ከመፈለጉ በፊት በማጀቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረውን ስም መጠየቅ ይበጀዋል።